የፓስዎርድ ደብተሬ

ሱቄ ውስጥ፣ ከኮፒ ማሽኑ ሥር ባለው መሳቢያ፣ አንድ ደብተር አለ። ልባሱ ጥቁር ነው። ጠርዙ ስለተቀደደ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ውስጡ ከ200 በላይ ሰዎች ስም ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የኢሜይል አድራሻ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፓስዎርድ። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። "አንተ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ እረሳዋለሁ" እያሉ በገዛ ፈቃዳቸው የሰጡኝ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሱቁን ሳጸዳ አወጣሁትና ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ከሰዓት በኋላዬን በላው።

ሱቄ ሐዋሳ ነው፤ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ዛሬ ሰዉ "ኮፒ ቤቱ" ነው የሚለው። ፕሪንት፣ ስካን፣ ላሚኔሽን፣ የፓስፖርት ማመልከቻ መሙላት። በ1998 ዓ.ም. ስከፍተው ግን በሩ ላይ የነበረው "ኢንተርኔት" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት ከጀመረ ገና 10 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የተጀመረው በ1989 ነው። አራት ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ነበረኝ። መስመሩ ዲያል አፕ ነው። ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር፤ እሷንም ለአራት እንካፈላለን። አንድ ፎቶ እስኪከፈት ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። ዋጋው በደቂቃ 30 ሳንቲም ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ያኔ በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ "ኮኔክሽን አለ?"

የጥቅምት ወር የዲቪ ወር ነበር። ዲቪ ቀድሞ በፖስታ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ግን በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ስለዚህ አገር ምድሩ እኔን መሰል ቤቶች ጋ መጣ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ፎቶ አነሳለሁ። ስም እጽፋለሁ፣ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እቀይራለሁ። ኢሜይል የሌለው ሰው ካለ እከፍትለታለሁ። ደብተሩ የተጀመረውም እንዲያ ነው።

ከ200ዎቹ ስሞች መካከል ግን አንዱ ይለይብኛል። እማማ ነው የምላቸው። ገበያ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ። ልጃቸው በ1999 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩት ስትሄድ፣ ከመሄዷ አንድ ቀን በፊት እጃቸውን ይዛ ሱቄ አመጣቻቸው። ኢሜይል አስከፈተችላቸው። "እዚህ እጽፍልሻለሁ፣ እሱ ያነብልሻል" አለቻቸው። ወደ እኔም ዞር ብላ "አደራ" አለችኝ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከወር በኋላ መጣ። እማማ ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ማንበብ ይችላሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ነው ፊደል የቆጠሩት። በዚያ ዘመቻ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝታለች። እማማ ግን ስለ ሽልማቱ አይደለም የሚያወሩት። የመዝሙረ ዳዊት ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ያነበቡበትን ሌሊት ነው የሚያወሩት።

ስክሪኑን አዩት። ዝም አሉ። "ይሄ እንግሊዝኛ ነው?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ አማርኛ ነው። በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ነው።"

"አማርኛ ከሆነ እኔ ለምን አላነበውም?"

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ልጅቷ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቷ፣ ለእናት ብቻ ስለሚነገር ነገር ጽፋለች። በቅጡ የማላውቃት ልጅ ድምፅ ሆኜ አነበብኩት። አጠገባችን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ግን ይሰማል።

የእማማ ጥያቄ ለዓመታት አብሮኝ ኖረ። ማንበብ ስጀምር መልሱን አገኘሁት። ታሪኩ ከሩቅ ነው የሚጀምረው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሎስ አንጀለስ ካለ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ የኢንተርኔት መነሻ በሆነው ኔትወርክ የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊልኩ የፈለጉት "ሎጊን" (LOGIN) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ሁለቱ የመጀመሪያ ፊደላት፣ L እና O፣ እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ። ይህን ሳነብ የራሴ ሱቅ ትዝ አለኝ፤ ግማሽ ደብዳቤ ወርዶ መስመር የሚቋረጥባቸው እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች። አሜሪካውያኑ መሐንዲሶች ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ልዩ ልዩ ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ሕግ ጻፉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1983 ጀምሮ ኔትወርኩ በዚያ ሕግ መሥራት ጀመረ።

ለተማሪዎች ሳስረዳ በባጃጅ ነው የማስረዳው። ከመናኸሪያ ወደ አሞራ ገደል 30 ሰው መላክ ፈለጋችሁ እንበል። አንድ አውቶብስ ላይ ብትጭኗቸው መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ይቀራሉ። በባጃጅ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ላኳቸው። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ስጧቸው። አንዱ በአስፋልቱ ይሂድ፣ ሌላው በኮብልስቶኑ ይጠምዘዝ። እዚያ ሲደርሱ በቁጥራቸው ይሰለፋሉ። የጎደለ ቁጥር ካለ "እሱን ድገሙልን" ይባላል። ኢንተርኔት ደብዳቤንም፣ ፎቶንም፣ ድምፅንም የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ባጃጁ ተሳፋሪውን "ማን ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። እኔ ይህን ነገር እጅግ እወደዋለሁ። ኢንተርኔት እንዲህ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስ ነገር ለመጨመር ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሆኖ ዌብን፣ ማለትም ድረ ገጾች የሚያያዙበትን ዘዴ፣ ሲያስብ መንገዱ ተሠርቶ ጠብቆታል። ሰርንም እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበት ብሎ ለቀቀው።

ተሳፋሪው ግን አንድ ችግር ነበረበት። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች የተጠቀሙበት አስኪ የሚባለው ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የእማማ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ሰንጠረዡ ሲሠራ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አልታሰበም።

የእኛ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ነበሩን። ግን አንዱ የሚሰጠውን ቁጥር ሌላው አያውቀውም። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ቅጥ ያጣ ምልክት ይሆናል። ስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ መጥቶ ሱቄ ውስጥ አንጀቱ ቆስሏል! ዩኒኮድ የሚባለው ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3ኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ በኋላ "ሀ" የትም አገር "ሀ" ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪያወጣ ድረስ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት ገደማ ጠበቅን። ስልኮች ከዚያም በላይ ዘገዩ። የአማርኛ መልእክት ሲመጣላቸው ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር የሚያሳዩት።

በ2002 ዓ.ም. ዊንዶውስ 7 ያለው ኮምፒውተር ገዛሁ። የልጅቷን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ፊደል ገለበጥኩት። እማማ ሲመጡ ምንም ሳልናገር ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው "ው...ድ እ...ና...ቴ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና "ተወኝ፣ እኔው ልጨርሰው" አሉኝ። 20 ደቂቃ ፈጀባቸው። ያን ቀን አላስከፈልኳቸውም። ደብዳቤውን ስትጽፍ ልጅቷ ምን እንደተሰማት ያነበቡት እሳቸው ብቻ ሆኑ። በእርግጥ ገልባጩ እኔ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፤ ግን ቢያንስ በእኔ አፍ አልሰሙትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስልኩ ኪሳችን ገባ። ፌስቡክ፣ ኢሞ፣ ቴሌግራም። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ላይ ቴሌብር መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ ሥራ ጀመረ። የእኔ አራት ኮምፒውተሮች ቀስ በቀስ ባዶ ወንበር ፊት ቀሩ። ሁለቱን ሸጥኩ፤ ኮፒ ማሽን ገዛሁ። አልተከፋሁም።

ስለ 2012 ዓ.ም. ክረምት ግን ቆም ብዬ መናገር አለብኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ያኔ እማማ ከልጃቸው ጋር የሚገናኙት በእኔ ስልክ፣ በኢሞ ነበር። ልጅቷም የምትገኘው አሠሪዎቿ ቤት ባለው ዋይፋይ ብቻ ነው። በየቀኑ ከገበያ ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆማሉ። "መጣ?" "ገና ነው እማማ።" ሌላ አይናገሩም፤ ይሄዳሉ። እኔ ሌባ የሆንኩ ያህል እሸማቀቅ ነበር። አገር የሚመሩ ሰዎች ኢንተርኔት የሚዘጋበት ምክንያት ይኖራቸዋል። ነገር ግን በሩ ላይ የሚቆሙትን እናት ፊት የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ይህ ወደፊት መደገም የለበትም ብዬ አምናለሁ። መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው መኪና ብቻ አይደለም።

ኢንተርኔቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ማክሰኞ፣ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ፣ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው የተባለው። ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ለልጅቷ በድምፅ ላኩላት፦ "ደህና ነሽ? እናትሽ ሳይሰሙ መልሺልኝ።" አንድ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። አልደረሳትም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ደህና ነኝ ወንድሜ። መስኮቱ በሙሉ ረግፏል። እኔ ደህና ነኝ። ለእማ ንገርልኝ።"

እስኪነጋ አልጠበቅኩም። ባጃጅ ለምኜ ቤታቸው ሄድኩ። ጎረቤት ነግሯቸው ኖሮ ቁጭ ብለው እያለቀሱ አገኘኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩ። "ድገምልኝ" አሉ። ደገምኩ። "ድገምልኝ።" ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

በማግስቱ ወደ ሱቅ መጡና "እንዲህ ያለ ስልክ ስንት ብር ነው?" አሉኝ። እቁባቸው ኅዳር ላይ ደረሳቸው። አብረን ሄደን ገዛን።

ለማስተማር አንድ ወር ፈጀብኝ። ድምፅ መላኩን በሁለት ቀን ቻሉት፤ ተጭኖ መያዝ፣ ተናግሮ መልቀቅ። ከባዱ መጻፉ ነበር። የአማርኛውን ኪቦርድ ከጫንኩላቸው በኋላ አንዷን ፊደል ፍለጋ ጣታቸው አየር ላይ ይንከራተታል። "ሰ" እና "ሠ" ሁለቱም መኖራቸው ደስ አላቸው። ልጆቹ እንደሚያደርጉት አንዱን ብቻ አይጠቀሙም።

በነገራችን ላይ ይህ የፊደል ጉዳይ ገና አልተፈታም። የከተማችንን ስም ብቻ ተመልከቱ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ። ለእኛ አንድ ከተማ ናት። ለኮምፒውተር ግን ካላስተማሩት በቀር አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ብለህ ስትፈልግ በሌላው የተጻፈው ሊያመልጥህ ይችላል።

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንተርኔት ተጠቃሚው 5.5 ቢሊዮን ደርሷል ብሏል፤ ከዓለም ሕዝብ 68 በመቶ። 2.6 ቢሊዮን ሰው ያኔ ገና ውጭ ነበር። አፍሪካ ውስጥ ተጠቃሚው 38 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሌላ ቁጥር እቆጥራለሁ። ስልክ በእጁ ይዞ፣ ስልኩን የሚነካለት ግን ሌላ ሰው የሆነው ስንት ነው? በቀን ቢያንስ አሥር ሰው ስልኩን አውጥቶ ይሰጠኛል። "ይሄ ምን ይላል?" "ብር ላክልኝ።" የሚስጥር ቁጥሩን ሰው በሞላበት ሱቅ ጮክ ብሎ ይነግረኛል። ባለፈው ዓመት አንድ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወርዱ አባት መጡ። "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ ለደወለ ሰው በስልካቸው የመጣውን ቁጥር ነግረውት ኖሯል። 4,000 ብር ሄደ። መልእክቱ ላይ "ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስለዚህ ስለ ኢንተርኔት የወደፊት ዕጣ ስጠየቅ ስለ ፍጥነት ብዙ አላወራም። ፍጥነቱ ይመጣል። አንዳንድ ሳተላይቶች አሁን ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የድሮዎቹ 36 ሺህ ገደማ ርቀው ነበር። ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ሰዎች ከሰማይ ኢንተርኔት መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው የራሱን ሚስጥር ራሱ፣ በራሱ ቋንቋ መያዝ መቻሉ ነው።

ለዚህ ደግሞ ድምፅ ትልቅ ተስፋ ይሰጠኛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ስልኬ ላይ ሞክሬዋለሁ። በአማርኛ ጠየቅኩት፤ በአማርኛ መለሰልኝ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎርበጥ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ከተጻፈው ነው። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ አለው። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ነው። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ሕዝብ ቋንቋ፣ የተጻፈው ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ከሱቄ ፊት ለፊት ሎሚ የሚሸጡ እናት የሚናገሩት ሲዳሙ አፎ ብቻ ነው። እሳቸው ስልካቸውን "ስንት ብር አለኝ?" ብለው በቋንቋቸው ጠይቀው፣ ለጆሯቸው ብቻ መልስ የሚያገኙበት ቀን ይመጣ ይሆን? እኔ ይመጣል እላለሁ። ግን ራሱን ችሎ አይመጣም። አንድ ሰው መጻፍ፣ መቅዳት፣ ማረም አለበት። እኔም በአማርኛ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ስገልጠው እማማ ገቡ። ካርድ ሊገዙ ነበር። "ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "የኔም አለ?" አሉ። 14ኛው ገጽ ላይ አለ። የያሁ አድራሻ፣ ከሥሩ ፓስዎርዱ። ፓስዎርዱ ልጅቷ ትንሽ ሳለች ቤት ውስጥ የምትጠራበት ስም ነው። ስነግራቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ። ገጹ ላይ ከሳቸው በቀር የሌላ ሰው ስም የለም። ቀድጄ ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ከሳንቲማቸው ጋር ቋጠሩት።

የቀሩት ገጾች አሁንም መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ አድራሻዎች ሞተዋል። ግን ሰው ያንኑ ፓስዎርድ ሌላ ቦታ ላይ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ከ1998 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ኢሜይል የከፈታችሁ ካላችሁ፣ ኑና ገጻችሁን ውሰዱ። ወላጆቻችሁ ከሆኑም ንገሯቸው። እስከ መስቀል እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ አቃጥለዋለሁ።